ደባሉ ቫይረስ

የአንጀት ቫይረስና የአንጀት ካንሰር አንድ ላይ በተነሱ ቁጥር ሰው ጆሮ የሚደርሰው «ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ተገኘ» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ያስደነግጣል፤ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቤተሰብ ግሩፕ ለመዛመትም ቀን አይፈጅበትም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎች አሁን የሚያወሩላቸው ቫይረሶች የሰውን ሴል አይነኩም። ዒላማቸው አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሪዮፌጅ ይባላሉ፣ ሲያጥር ፌጅ።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። የሥራ ዘመኔ ብዙው ክፍል ያለፈው ሰገራ ሳይ ነው፤ ምሳ ላይ የማይወራ ሥራ ቢሆንም ሰልችቶኝ አያውቅም። ላላየው ሰው እንዲህ ነው፦ ታካሚው ካመጣት ትንሽ ዕቃ ውስጥ በስንጥር ጫፍ ይነሳል፣ ስላይድ ላይ ጠብ ባለች የጨው ውሃ ይሟሟል፣ በስስ መስታወት ይሸፈናል። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር ከጥግ እስከ ጥግ ማሰስ ነው። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የወስፋት እንቁላል። ከተገኘ ይጻፋል፤ ካልተገኘ «ጥገኛ ተህዋስ አልታየም» ተብሎ ይፈረማል። ታካሚው ግን ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ «ምንም የለብህም አሉኝ» ነው የሚለው።

ያቺው ጠብታ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ቢያውቅ! በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያሉት ፌጆች የሚቆጠሩት በቢሊዮን ነው። አሜባ ከ10 ማይክሮ ሜትር ይበልጣል፤ በደህና ማይክሮስኮፕ እግሩን እየዘረጋ ሲሄድ ይታያል። ባክቴሪያ 1 ወይም 2 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ነው፤ እንደ ነጥብ፣ እንደ ጭረት ይታያል። የአብዛኞቹ ፌጆች ራስ ግን 100 ናኖ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ማይክሮ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የእኛ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 ናኖ ሜትር በታች የሆነን ነገር ለይቶ አያሳይም። ሌንሱን የቱንም ያህል ብንወለውለው ለውጥ የለውም። ፌጅን ለማግኘት ወይ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፣ ወይ የናሙናውን ዲ ኤን ኤ በሙሉ ማንበብ።

ፌጅ አዲስ ግኝት አይደለም። ፍሬድሪክ ትዎርት የተባለ እንግሊዛዊ በ1915፣ ፌሊክስ ዴሬል ደግሞ ፓሪስ በሚገኘው ፓስተር ኢንስቲትዩት በ1917 ስለ ፌጅ ጽፈዋል። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) ዴሬል ያገኘው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዛቸው ሰዎች ሰገራ ነው። በዚያ ዘመን ሐሳቡ ሁሉ ፌጅን እንደ መድኃኒት መጠቀም ነበር፤ ባክቴሪያ ገዳይ ነውና።

ገዳይነቱ ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። አንዳንዱ ፌጅ ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ይባዛና አፈንድቶት ይወጣል። ሌላው ደግሞ አይቸኩልም። የራሱን ዘረ መል የባክቴሪያው ዘረ መል ውስጥ ሰክቶ ይተኛል። ባክቴሪያው ለሁለት በተከፈለ ቁጥር እሱም አብሮ ይባዛል፤ ልክ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተካፍሎ እንደሚኖር ደባል። ደባሉ ዝም ብሎ የሚተኛም አይደለም። አንዳንዴ ይዞት የሚመጣው ዕቃ የቤቱን ጠባይ ይለውጠዋል።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ ኮሌራ ነው፤ በየክረምቱ «አተት» እየተባለ የሚነገረን። የኮሌራ ባክቴሪያ ሰውን እንደ ቧንቧ ውሃ የሚያስቀምጠው በመርዙ ነው። መርዙን የሚሠራው ዘረ መል ግን የባክቴሪያው የራሱ አይደለም። ማቲው ዋልዶርና ጆን ሜካላኖስ በ1996 እንዳሳዩት ከፌጅ የተገኘ ነው። ፌጁ የሌለበት የኮሌራ ባክቴሪያ ያንን መርዝ አይሠራም። የዲፍቴሪያም መርዝ እንዲሁ ከፌጅ የመጣ ነው። ስለዚህ «የትኛው ባክቴሪያ ነው ያለው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ መልስ የማይሰጥባቸው በሽታዎች እንዳሉ ከታወቀ ቆይቷል። ባክቴሪያው ውስጥስ ማን አለ?

የአንጀት ካንሰር ጥናት አሁን የደረሰው እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ካንሰር ባለባቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። ችግሩ ጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥም መገኘቱ ነው፤ እኔም አንተም ልንሸከመው እንችላለን። ታዲያ አንዱን ሳይነካ ሌላውን የሚጎዳው ለምንድን ነው? የባክቴሪያው አንዳንድ ዝርያ የአንጀትን ግድግዳ የሚያስቆጣ መርዝ እንደሚሠራ ይታወቃል፤ ነገር ግን ይኼ ብቻውን እንቆቅልሹን አልፈታውም።

በዴንማርክ ኦደንሴ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች መነሻ ያደረጉት ሰገራን ሳይሆን ደምን ነው። ይኸው ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ ገብቶ የታመሙ ሰዎችን ናሙና ወሰዱ። ከነዚህ ታማሚዎች አንዳንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ የአንጀት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ካንሰር ካለባቸው የተወሰደውና ከሌለባቸው የተወሰደው ባክቴሪያ ዘረ መሉ ጎን ለጎን ሲነበብ፣ የካንሰር ታማሚዎቹ ባክቴሪያ ከዚያ በፊት ያልተመዘገቡ ደባል ፌጆችን ተሸክሞ ተገኘ። ከዚያ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ የተሰበሰበ የ877 ሰዎች የሰገራ ዲ ኤን ኤ መረጃ ውስጥ እነዚሁን ፌጆች ፈለጉ። ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የመገኘት ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ።

ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን ቀስ እንበል። ዕጢው የአንጀትን ግድግዳ ሲያቆስል ባክቴሪያ ወደ ደም ሾልኮ ይገባል፤ ይኼ ከጥንት የሚታወቅ ነው። ስትሬፕቶኮከስ ጋሎሊቲከስ የተባለው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ከተገኘ ሐኪሞች ወዲያው ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ገብቶ የሚያይ ምርመራ፣ የሚያዙት ለዚህ ነው። ስለዚህ ፌጁን የያዘው ባክቴሪያ ዕጢውን ረድቶት ይሆናል፤ ወይም ዕጢው የፈጠረው አካባቢ ተስማምቶት የተመቻቸ ባክቴሪያ ይሆናል። ሁለት እጥፍ የሚለው ቁጥር ከነዚህ አንዱን አይመርጥልንም። ሁለት እጥፍ ተገኘ ማለት ደግሞ ፌጁ ያለበት ሁሉ ይታመማል ማለት እንዳልሆነ መናገር የለብኝም ነበር፤ ግን አስተያየት መስጫው ላይ የሚጻፈውን ስለማውቅ ልናገር።

ቀደም ሲል በ2018 የወጡ ሁለት ጥናቶችም ነበሩ። የሆንግ ኮንጎቹ 74 ታማሚና 92 ጤነኛ ሰው አነጻጽረው የታማሚዎቹ ፌጅ ዓይነቱ በርክቷል አሉ። የሚሺጋኖቹ በ90 ሰዎች ላይ ሠርተው የዓይነት ብዛቱ አልተለየም፣ የተለየው የቫይረሱ ማኅበረሰብ ስብጥር ነው አሉ። ሁለቱም ግን ጣታቸውን የቀሰሩት ሰውን በሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ሳይሆን በፌጅ ላይ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝን ልንገራችሁ። አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ኮሊባክቲን የሚባል ኬሚካል ይሠራሉ። የሰውን ዲ ኤን ኤ ይጎዳል። በ2020 ኡትሬክት ውስጥ የሠሩ ሳይንቲስቶች በላብራቶሪ ያሳደጉትን የሰው አንጀት ሴል ለአምስት ወር ከዚህ ባክቴሪያ ጋር ካቆዩት በኋላ፣ ዲ ኤን ኤው ላይ የቀረው ጠባሳ ከአንዳንድ ታማሚዎች ዕጢ ላይ ከሚገኘው ጠባሳ ጋር ገጠመ። በ2025 ደግሞ ከ11 አገሮች የተሰበሰበ ዕጢ ሲነበብ፣ ይኸው ጠባሳ ከ40 ዓመት በታች በታመሙት ላይ ከ70 ዓመት በላይ ከታመሙት ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ ተደጋግሞ ታየ። ይህ ኬሚካል ግን የተሠራው እኛን ለመጉዳት ነው ያለው ማን ነው? በ2022 የፕሪንስተንና የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ኮሊባክቲን ጎረቤት ባክቴሪያዎች ውስጥ የተኙትን ፌጆች እንደሚቀሰቅስ አሳዩ። የተቀሰቀሰው ደባል አስተናጋጁን አፈንድቶ ይወጣል። እንግዲህ ምናልባት የባክቴሪያዎች የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ አንዱ የሌላውን ደባል እያስነሳበት። የእኛ የአንጀት ሴል በሰው ጠብ መሐል የተገኘ መንገደኛ ነው ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ከዚህ ሁሉ ሳይንስ ውስጥ ሕዝብ ጋ የሚደርሰው ግን «ቫይረስ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። የአክስቴ ባል የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ቤት ተኝተው ሳለ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ምሳ ሲቀርብ ለሁላችንም አንድ ትሪ፣ ለእሳቸው ደግሞ ለብቻው ሰሃን መጣ። መጀመሪያ ሐኪም ለስላሳ ምግብ ያዘዘላቸው መስሎኝ ነበር። ሰሃኑ ላይ ያለው ያው የእኛው አልጫ ነው። አክስቴን ማጀት ተከትያት ገባሁ።

«እቴቴ፣ ጋሼ ለምንድነው ለብቻቸው?»

«የተላከልንን አላየሽም እንዴ? ቫይረስ ነው ተባለ እኮ።»

«እንደሚተላለፍስ ይላል?»

«ቫይረስ ሆኖ የማይተላለፍ ደግሞ የት አለ?»

መልሱ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የእሷ አነጋገር ስህተት የለበትም። ኮሮናን ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ቫይረሱ ባክቴሪያን እንጂ ሰውን እንደማይዝ፣ ያ ባክቴሪያም ምናልባት የሁላችንም አንጀት ውስጥ እንዳለ፣ አብሮ በመብላት የአንጀት ካንሰር እንደማይተላለፍ ነገርኳት። «የሁላችንም አንጀት ውስጥ» የሚለው ይበልጥ አስደነገጣት። ጋሼ ከተቀመጡበት ሆነው የምንለውን ሰምተው ኖሮ፣ «ተዪያት ልጄ፣ ለብቻዬ ስበላ ሥጋውን የሚሻማኝ የለም» አሉ። እራት ላይ ግን ትሪው አንድ ነበር።

ከሥጋ ከተነሳን፣ የማኅጸን በር ካንሰርን ከፓፒሎማ ቫይረስ ጋር አገናኝቶ በ2008 ኖቤል የተሸለመው ጀርመናዊ ሃራልድ ሱር ሃውዘን የመጨረሻ ዘመኑን የሰጠው ለዚሁ ለአንጀት ካንሰር ነበር። በ2012 ባሳተመው ጽሑፍ የተከራከረው፣ ቀይ ሥጋ የሚያመጣው ችግር ከመጥበሱና በጭስ ከማድረቁ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በደንብ ባልበሰለ የከብት ሥጋ የሚመጣ ተላላፊ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ ነው። እንደ ማስረጃ ያነሳው ሞንጎሊያንና ቦሊቪያን ነው፤ ሥጋ ይበላሉ፣ የአንጀት ካንሰራቸው ግን ብዙ አይደለም። ከብቶቻቸው ከአውሮፓው ዘር ይለያሉ አለ፤ የሞንጎሊያው ያክ ነው፣ የሌላው ደግሞ ባለ ሻኛው የዜቡ ዘር የተቀላቀለበት ነው።

ሥጋ ቤት ቆሞ ሻኛ ለሚያስቆርጥ ሰው ይኼ ወሬ እንዴት እንደሚጥም ይገባኛል። የእኛ ከብት ባለ ሻኛ ነው፣ ስለዚህ ቁርጡ ነጻ ነው ብሎ ለመደምደም አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው። እርምጃውን አትራመዱት። ሱር ሃውዘንና ባልደረቦቹ በኋላ ከከብት ሥጋና ወተት አገኘን ያሏቸው ክብ ዲ ኤን ኤዎች የካንሰር መነሻ ስለመሆናቸው የቀረበው ማስረጃ በቂ አይደለም ሲል የጀርመን ፌዴራል የስጋት ምዘና ተቋም በ2019 አስታውቋል። ሰውየው በ2023 ሐሳቡ ሳይረጋገጥለት አረፈ። ጥያቄው ግን የቂል ጥያቄ አልነበረም፤ አንዴም የዓለምን ሳቅ ችሎ ትክክል ሆኖ የተገኘ ሰው ነው። ለቁርጥ ወዳጆች የማይናወጠው እውነት አሁንም የኮሶው ነው።

ፍላጂልንም ሳላነሳ አላልፍም፤ የማይገባበት ቤት የለምና። አፍ ውስጥ የሚኖርና ድድ ሲታመም የሚበዛ ፉዞባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ በአንጀት ዕጢ ውስጥ እንደሚገኝ በ2012 ሁለት የምርምር ቡድኖች ለየብቻ አሳዩ። በ2017 የቦስተን ተመራማሪዎች ይህን ባክቴሪያ የያዘ የሰው ዕጢ አይጥ ላይ ተክለው ሜትሮኒዳዞል፣ ማለትም ያንኑ ፍላጂል ሲሰጧት የዕጢው እድገት ቀነሰ። አይጥ ላይ ነው። እንዲህ ስል ነገ ፋርማሲ የሚሰለፍ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው ደግሜ የምለው፦ አይጥ ላይ ነው። ፍላጂል ከፉዞባክቴሪየም ሌላ ስንቱን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይዞ እንደሚሄድ ማሰብ ነው። የቻይና ተመራማሪዎች በ2019 ይህንኑ ባክቴሪያ ብቻ ለይቶ የሚያጠቃ ፌጅ ተጠቅመው የኬሞ መድኃኒትን ዕጢው ድረስ ለማድረስ የሞከሩት ለዚህ ነው፤ ያም አይጥ ላይ ነው።

የፍላጂል ዋና ጉዳት ግን ሌላ ነው። የጋሼን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ስሙን ብቻ ነው የሚቀይረው። ሰገራ ላይ ደም ታየ። «አሜባ ነው» ተባለ፣ ፍላጂል ተገዛ። ደሙ ጋብ አለና ተመለሰ። «ኪንታሮት ነው» ተባለ፣ ቅባት ተገዛ፣ የባህል መድኃኒትም ተሞከረ። ሱሪው ሲሰፋ «ጾሙ ነው»፣ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር «እድሜ ነው» ተባለ። ኮሎኖስኮፒ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 1.9 ሚሊዮን ሰው በዚህ ካንሰር ተይዟል፣ ወደ 900 ሺህ ሰው ሞቷል። በአገራችንም በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በፊተኛው ረድፍ ነው። ታማሚዎቻችን ወጣቶች ናቸው ይባላል፤ ሕዝባችንም ወጣት ስለሆነ ከዚህ ብዙ ባንደመድም ይሻላል። ዘግይተው መምጣታቸው ግን አያከራክርም።

አሜሪካ ያላችሁ ከ45 ዓመታችሁ ጀምሮ፣ እስራኤል ያላችሁ ከ50 ጀምሮ በሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልግ ምርመራ ታገኛላችሁ። ዕቃው ቤት ድረስ የተላከላችሁ ካላችሁ መሳቢያ ውስጥ አታሳድሩት። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ አገራዊ ዘመቻ ስለሌለ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው። በመድኃኒት የማይቆም ደም፣ ሳምንታት የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ በዚህ ካንሰር የታመመ ወንድም ወይም ወላጅ፣ ከነዚህ አንዱ ካለ «ጥገኛ ተህዋስ አልታየም» የሚለው የእኛ ወረቀት መልስ አይሆንላችሁም። እኛ የፈለግነው አሜባ ነው።

ለፌጁ ምርምር ደግሞ ያለኝ ቅሬታ ይኼ ነው። የዴንማርኮቹ 877 ሰዎች የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የእስያ ናቸው። የእኛ ባክቴሪያ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ምግባችን ሌላ፣ ውሃችን ሌላ፣ የዋጥነው ፀረ ተህዋስ መድኃኒት ሌላ። ነገ እነዚህን ፌጆች የሚፈልግ የሰገራ ምርመራ ቢሠራ፣ በእኛ ሰው ላይ ስለመሥራቱ የሚነግረን ናሙና የለም። ናሙና ጠፍቶ አይደለም፤ በየላብራቶሪው በየቀኑ ስንት ዕቃ ይመጣል፣ ማታ ከቆሻሻ ጋር ይቃጠላል። በ2011 ጥቁር አንበሳ ላይ የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ማን በምን እንደታመመ ይመዘግባል። ከዚያ ጎን ኮሎኖስኮፒ የሚደረግላቸውን ሰዎች ፈቃድ አስፈርሞ፣ ከያንዳንዳቸው አንድ ብልቃጥ ሰገራ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማቆየት ቢጀመር፣ የሚያስፈልገው አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ መዝገብና መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ነው።